ለገና ስንቅ የምትልኩ ስሙኝማ፦ ፍራንኮ ጋ ስላለችው ባልትና ቤት

ሰሞኑን ሦስት ሰው «ለወንድምሽ የላክሽው ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለች ባልትና ቤት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ስም የላትማ። ታፔላም የለም። በሩ ላይ ዛላ በርበሬ ተሰጥቶ፣ ከጎኑ ሦስት ሴቶች ቁጭ ብለው ሲቀነጥሱ ካያችሁ እሷው ናት። በባጃጅ ከሄዳችሁ ደግሞ ሹፌሩ «ደረስን» ከማለቱ በፊት ታስነጥሳላችሁ።

ስለ ቤቷ ከማውራቴ በፊት የማን ስንቅ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ታናሽ ወንድሜ ሀንጋሪ ከሄደ ዘንድሮ ሦስተኛ ገናው ነው። የሚማርበት ከተማ ደብረጼን ይባላል፣ በትልቅነት ከቡዳፔስት ቀጥሎ ያለው ነው። እማዬ ስሙን የሰማች ቀን «ደብር ያለበት አገር ነዋ!» ብላ ደስ አላት። እስካሁን ማንም አላረማትም። የሄደው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በሚባለው የሀንጋሪ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ነው። ትምህርቱ ነጻ፣ ዶርሙ ነጻ፣ በወር ደግሞ 43,700 ፎሪንት ይሰጡታል። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል አይደል? 110 ዩሮ ገደማ ነው። ይኼን ስሌት ለጎረቤት ማስረዳት አይቻልም። ለእነሱ ልጁ አውሮፓ ነው፣ አለቀ፤ እኛንም ትልቁ ዕቁብ ውስጥ ካልገባችሁ ይሉናል።

ክረምቱን ለምዶታል። የማይለምደው በዓሉ ሲመጣ ነው። ኅዳር 27 ጠዋት፣ በእነሱ ዲሴምበር 6 መሆኑ ነው፣ በሩ ላይ የተወው ጫማ ውስጥ ቸኮሌት አገኘ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጫማውን ቆሻሻ መጣያ ያደረጉበት መስሎት ተናዶ ነበር። ለካ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን ነው፣ ሚኩላሽ ይሉታል፣ ለልጆች ጫማ ውስጥ ጣፋጭ ይደረጋል። እሱ ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነው። ቸኮሌቱ ደግሞ ወተት አለበት። መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ እስከ ገና ሲያየው ከረመ።

ከዚያ ዶርሙ ባዶ ይሆናል። የአገሩ ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ዲሴምበር 24፣ 25 እና 26 ሱቅ ዝግ ነው፤ ቀድሞ ያልገዛ ሰው የሚበላው የለውም። ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ያን ጊዜ እኛ ጋ 12 ሰዓት ነው፣ እማዬ መብራት የምታበራበት ሰዓት፣ እሱም የሚደውለው ያኔ ነው፣ ሁለታችንም ቤት እኩል ሲጨልም። «ምን በላህ?» ትለዋለች። «በላሁ» ይላል። ምን እንደበላ ግን አይናገርም። የእኛ ገና ሲደርስ ደግሞ የእነሱ በዓል አልቋል። ዛፋቸውን የሚያነሱት ጃንዋሪ 6 ነው፣ በእኛ ዋዜማው ዕለት። ሰው ሁሉ ወደ ፈተናው ይዞራል፣ የፈተና ወቅታቸው ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ጃንዋሪን ሙሉ ነውና። ዘንድሮ የእሱ ከባዱ ፈተና ታኅሣሥ 30 ላይ ዋለ። የገና ማግስት።

እንግዲህ ስንቅ የምንልከው ለዚህ ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ በቴሌግራም ኪሎ የሚሸጥ አንድ መንገደኛ አገኘን። በርበሬውን እማዬ በሁለት ፌስታል ደራርባ፣ ቋጥራ፣ ባርካ ሰጠችው። ፌስታሉ መንገድ ላይ ፈነዳ። የሰውየው ሸሚዞች በሙሉ ቀይ ወጥ ሆኑ። ታናሼ የተቀበለው ግማሽ ኪሎ በርበሬና አንድ የማያውቀው ሰው የረገመውን እርግማን ነው። በሁለተኛው ዓመት ተምረናል ብለን አንድ የጭነት ላኪ ድርጅት ዘንድ ሄድን። ከገና በፊት ይደርሳል ተባልን። የደረሰው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ለምን ዘገየ ብዬ ስጠይቅ «ሲስተም» አሉኝ። ተውኩት።

ዘንድሮ የሥራ ባልደረባዬ ወደዚች ቤት መራችኝ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። ኪሎ ኪሎውን ጽፌ ይዣለሁ፣ አንብቤ፣ ከፍዬ፣ ልሄድ ነው። ባለቤቷ የእማዬ እኩያ ናቸው። ወረቀቴን ተቀበሉኝና ሳያዩት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጁ ዶርም ነው ወይስ ቤት ተከራይቶ?»

«ዶርም ነው እትዬ።»

«ምድጃው የጋራ ነው?»

«የጋራ ነው።»

«ሽንኩርት ሲያቁላላ የሚጮህ ነገር ጣራው ላይ አለ?»

ሳቄ መጣ። አለ እንጂ! አምና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሽንኩርት ሲያቁላላ ጮኾበት፣ ሕንፃው ሙሉ ሰው በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ የሚጠሩት «ሃጅማ» እያሉ ነው፣ በሀንጋሪኛ ሽንኩርት ማለት ነው። ይኼን ስነግራቸው ሴትዮዋ አልሳቁም። እርሳስ አንስተው ወረቀቴ ላይ ሽሮውን ከአንድ ኪሎ ወደ ሁለት ኪሎ ቀየሩት። «ምጥን ይሁን፣ ቅመሙን የጨረሰ። ውኃና ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ምንም አይጮህም።» ከዚያ ይጾማል ወይ አሉ፣ አብሮት የሚበላ ሰው አለ ወይ አሉ፣ ፈተናው መቼ ነው አሉ። ፈተናውን ምን አገባቸው ብዬ ነበር በልቤ። ለካ በሶ ሊጨምሩ ኖሯል። ግቢ ገብታችሁ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ በፈተና ሳምንት ምግብ የሚሠራ ማን አለ፣ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ማንበብ ነው።

እንዲህ የሚጠይቅ ሱቅ አጋጥሞኝ አያውቅም። ባንክ ስትሄዱ እንኳ ይኼን ያህል አይጠይቋችሁም።

በርበሬው ጥሩ ነው። ዛላው የማረቆ ነው ይላሉ፣ እኔ በማየት አለየውም፣ እማዬ ግን አሽትታ «ነው» ብላለች፣ እማዬ ካለች ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው ተደልዞ፣ እንደገና ተሰጥቶ የተፈጨ ነው። ገበያ ላይ ባዕድ ነገር የተቀላቀለ በርበሬ በበዛበት ዘመን፣ ቅንጠሳውን በሩ ላይ በዓይናችሁ እያያችሁ መግዛት ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ከገበያው ከፍ ይላል፣ ኪሎው ላይ መቶ ብር ገደማ። እኔ አልቆጨኝም።

ሀንጋሪ በርበሬ የለም እንዴ የምትሉ ካላችሁ፣ አለ፣ ችግሩም እሱ ነው። ፓፕሪካ ይሉታል። ሴጌድና ካሎቻ የሚባሉት ከተሞቻቸው የሚታወቁት በእሱ ነው። ቀለሙ የእኛን በርበሬ ያስንቃል። ታናሼ መጀመሪያ ሲያየው በደስታ ሊያብድ ነበር፣ ገዛ፣ ምስር ወጥ ላይ አምስት ማንኪያ ጨመረ፣ ወጡ ደም መሰለ፣ ጎረሰ፣ ስኳር። ለካ ፓኬቱ ላይ «ኤዴሽ» ተብሎ ተጽፏል። ጣፋጭ ማለት ነው። የሚያቃጥልም ዓይነት አላቸው፣ ግን ቢያቃጥልም ወጥ አይሆንም፣ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቅቤው።

እማዬ ቅቤ ካልላክሁ ብላለች። ገና ያለ ቅቤ ምን ገና ነው? እኔም ልቤ አብሯት ነበር። ነገር ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ከእኛ አገር በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ ሁሉም። ከተያዘ ይወሰዳል፣ የያዘው መንገደኛ ደግሞ የእናንተ ዘመድ ሳይሆን ውለታ የዋለላችሁ ሰው ነው። ሴትዮዋ ይኼን በደንብ ያውቃሉ። ለእማዬ ያሏትን ልጥቀስላችሁ፦

«ቅቤው እዚያ ሞልቷል፣ የፈረንጅ ላም አትታለብም እንዴ? እዚያ የሌለው ማንጠሪያው ነው። ማንጠሪያውን ላኪለት።»

አንድ ትንሽ ከረጢት ሰጡን። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ እርድ፣ አብሽ፣ ተመጥኖ ለሁለት ኪሎ ቅቤ የሚበቃ። ጨው የሌለበት ቅቤ ከሱቅ ገዝቶ፣ በትንሽ እሳት ላይ ከቅመሙ ጋር ያቀልጠዋል፣ አረፋውን ገፍፎ ያጠልለዋል፣ በቃ። ታናሼ ከበዓሉ በፊት ልሞክረው ብሎ ባለፈው ቅዳሜ አነጠረ። ጾም ነው፣ አልቀመሰውም፣ አሸተተው ብቻ። በድምፅ መልእክት የላከልኝ ሁለት ቃል ነው፦ «እቤት ሸተተ።» እማዬ መልእክቱን ስንቴ እንዳስደገመችኝ አልቆጠርኩም።

እውነቱን ለመናገር ከገዛሁት ሁሉ ርካሹ ይኼ ከረጢት ነው። ሌላውን ብትተዉ እንኳ እሱን አትተዉ።

እማዬ ግን እጅ አልሰጠችም። በሶውን ቤት ራሷ አዘጋጅታ ነበር፣ እዚያ የወሰድነው ለማሸግ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ነው ብላ ሰጠች። ሴትዮዋ ሚዛን ላይ አስቀመጡት። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ዝም ብለው እማዬን አዩዋት። እማዬ ጣሪያውን አየች። እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ሰደዱና ከበሶው መሃል በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ የቅቤ ብልቃጥ መዘው አወጡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላሁም ነበር። ሁለቱ ግን ተያይተው እስኪያለቅሱ ሳቁ። «እኔም ለልጄ አድርጌዋለሁ፣ ካልሲ ውስጥ» አሉ ሴትዮዋ። ደረሰ ወይ ብላ ስትጠይቃቸው «አልደረሰም» አሉ።

ድርቆሹ የአዳማ ንፋስ ሥራ ነው። አቧራውን ሁላችንም እንረግማለን፣ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያ ደረቅ ንፋስ እንጀራን ቶሎ ያደርቃል። እሳቸው በጥላ፣ በሻሽ ሸፍነው ነው የሚያደርቁት። ንጹሕ ጤፍ ነው፣ ሩዝ አልተደባለቀበትም፤ ሩዝ ያለበት ድርቆሽ ወጥ ሲነካው ገንፎ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ታናሼ አንድ ቦታ ላይ አሸዋ አግኝቷል። «የፍራንኮ አፈር ናፍቆኝ ነበር» ብሎ አለፈው። እኔ ግን ለሴትዮዋ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሻሹን ደርቡት ብዬ።

ማሸጊያቸው ነው ለእኔ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ያስረሳኝ። አየሩን መጥጦ የሚያሽግ ማሽን አላቸው፣ በርበሬው እንደ ጡብ ጠንክሮ ይወጣል፣ ብትረግጡትም አይፈነዳም። ከላይ በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነና መቼ እንደተዘጋጀ የታተመ ወረቀት ይለጥፉበታል። ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ቀይ ዱቄትና ቡናማ ዱቄት በፌስታል ይዛችሁ አውሮፓ ኤርፖርት ላይ ቆማችሁ ስታስረዱ አስቡት። ብቻ የማሸጊያው ሒሳብ ለብቻው ነው፣ ይኼን አስቀድመው አይነግሯችሁም፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚደመረው። ትንሽ አናዶኛል። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ግን የለም።

ስልክም አያነሱም። አራት ቀን ደውያለሁ። እጃቸው በርበሬ ነው እንዴት ያንሱ ብላ የምትሟገተኝ እማዬ ናት፣ አሁን ወዳጅ ሆነዋል። እኔ ግን ከሥራ ወጥቼ ሁለቴ በከንቱ ተመላልሻለሁ። በአካል ሂዱ፣ በጠዋት ሂዱ።

ስለ ጊዜው ደግሞ ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገና ሲቃረብ መንገደኛ የሚበዛ ይመስላችኋል። አይበዛም፣ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ሰው ከውጭ ወደ አገር ቤት ነው የሚገባው፣ ለገናና ለጥምቀት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የምታገኙት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ በዓሉ አልፏል። ስለዚህ ለገና የምትልኩ ከሆነ ኅዳር ላይ መንገደኛ ፈልጉ። የእኔዋ መንገደኛ የጓደኛዬ አክስት ናቸው። ከሁለት ሻንጣቸው ላይ 7 ኪሎ ለቀቁልኝ፣ ገንዘብ አልተቀበሉኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። በርበሬ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ሽሮ ሁለት፣ ድርቆሽና በሶ አንድ አንድ፣ የቀረው ቡና፣ ዳቦ ቆሎና ያቺ ከረጢት። እሑድ ጠዋት በፍጥነት መንገዱ ቦሌ ድረስ ሄጄ አስረከብኩ። ታናሼ በተማሪ ግማሽ ዋጋ ባቡር ተሳፍሮ ቡዳፔስት ሄዶ ተቀበላቸው። ከሴትዮዋ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ እስኪገባ አራት ቀን።

የገና ዕለት ዕቅዱ እንዲህ ነው። ጠዋት ያነባል። ከሰዓት ዶሮ ይሠራል፣ አሥራ ሁለት ብልት ሳይሆን ከሱቅ የተገዛ አንድ ፓኬት ጭን፣ ዕንቁላሉ ግን አለ። ሽንኩርቱን ክዳን ገጥሞ፣ መስኮት ከፍቶ በቀስታ ሊያቁላላ ቃል ገብቷል። ወደ ቤቱ ያልሄደ አንድ የናይጄሪያ ልጅና ሁለት ሶርያውያን ተጋብዘዋል። እኛም የእማዬን ቅቤ፣ ያቺን ከበሶ ውስጥ የወጣችውን፣ የራሳችን ዶሮ ላይ እንጨምራታለን፣ በቪዲዮ አብረን እንበላለን። ማታ ተመልሶ ወደ ደብተሩ ነው።

ዳቦ ቆሎው ግን አይሆንም፣ እሱን ሳልናገር አልጨርስም። ድንጋይ ነው። ስኳሩም በዝቷል። ታናሼ ለናይጄሪያዊው ጎረቤቱ ቢያካፍለው ልጁ አንዱን ቆርጥሞ፣ ጉንጩን ይዞ፣ «እኛም አገር ይኼ አለ፣ ቺን ቺን ነው የምንለው፣ የእኛው ግን ይበላል» አለው። ለሴትዮዋ ይኼንንም ነገርኳቸው። «ጥርሱን ያሳክመው» አሉኝ። ከጥምቀት በኋላ ሌላ መንገደኛ አለኝ፣ ሽሮና ማንጠሪያውን ከእሳቸው እወስዳለሁ፣ ዳቦ ቆሎውን እማዬ ትሠራለች፣ ሚዛኑ ላይ የምቆመው ደግሞ እኔው ነኝ።